የባንተይርጋ መኪና የምትሞቅበት ቦታ

ሎጊያ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላው ሁሉ መካኒክ ነው። ሾፌሩ መኪናውን ሳያቆም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የውሃ ፓምፑ ነው» ይለኛል። ተሳፋሪው «ኧረ ራዲያተሩ ነው» ይላል። ከማዶ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ ደግሞ የአጎቱ ልጅ መኪና እንደዚሁ ሆና እንደነበር አስታውሶ ፍርዱን ይሰጣል። እኔ ደምመላሽ፣ ከኮምቦልቻ መጥቼ በዚህ ሐሩር ብረት ስነካካ ያረጀሁት፣ መፍቻዬን ይዤ ቆሜ እሰማቸዋለሁ። ባንተይርጋን የወደድኩት ለዚህ ነው። መኪናውን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ «ትሞቃለች» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

ባንተይርጋ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ዕድሜው ከእኔ ገፋ ስለሚል ጋሽ ባንቴ እለዋለሁ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ግራ እጁ መስኮት ላይ ሲጠበስ ኖሮ ከቀኝ እጁ የጠቆረ ሰው ነው። ረዳት የለውም። የመጨረሻው ረዳቱ ወደ ጅቡቲ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በሩን ተሳፋሪው ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ሾፌሮች ምሳ ሲበሉ ተሰብስበው አንድ ትሪ ይከባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ያንዱን ሚስት ያማል። እሱ ጥግ ይዞ ለብቻው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ኩራት የመሰላቸው ነበሩ። አልነበረም። ሰው አጠገብ መቀመጥ የረሳ ሰው ነበር።

አንድ ጊዜ ወባ ጥሎት ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ካርድ ስትሞላ «አባቴ፣ ማን ይጠራልዎት?» አለችው። ትኩሳቱ ዓይኑን አቅልቶት ጣሪያውን እያየ «ሰው የለኝም» አላት። እንደ አማረረ ሰው አልነበረም አባባሉ፤ ጨው ጨርሻለሁ እንደሚል ሰው ነው ያለው። ልጅቷ የእኔን ስልክ ጻፈች።

መኪናዋን በተመለከተ ግን ብዙ መናገር እችላለሁ። አሮጌ ናት። ከእሱ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች እሱም አያውቅም። የነዷት ሁሉ ጠባያቸውን ትተውባታል፤ አንዱ ማርሽ እየጎተተ፣ ሌላው ፍሬን እየደበደበ ነድቷታል። ሞተሯ ያለው ከጋቢናው ወንበር ስር ነው። ውሃ ለመጨመር ጋቢና የተቀመጡትን አስወርዶ ወንበሩን ማንሳት ግድ ነው። ለዚህ ሰው ደግሞ ከእሷ ሌላ ሀብት የለውም። እሷ የቆመች ቀን እሱም ይቆማል። ይህን እኔም እሱም እናውቅ ነበር።

መጀመሪያ ሲያመጣት በእርግጥ ታፈስ ነበር። አዳይቱን እንዳለፈ ሜዳ ላይ ፈልታበት፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ ውሃ ሰጥቶት፣ እንደምንም እያዘገመ እኔ ጋ ደረሰ። ራዲያተሩን ሳወርደው ታችኛው በኩል በሳሙና ተደፍኗል። ሳሙና መንገድ ላይ ያድንሃል፤ ቤት ያደርስሃል። የእሱ ግን ከርሞ ደርቆ የራዲያተሩ አካል መስሏል። የላይኛው የውሃ ጎማ ተሰንጥቋል። የውሃውን መንገድ በሙቀት የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት ፈልጌ አጣሁት፤ አንዱ ሊቅ «ለቆላ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። እንደዚህ የሚሉ ብዙ ናቸው። ውሃው ራዲያተር ውስጥ ሳይበርድ እየሮጠ ይመለሳል፣ እነሱ ደግሞ አቀዘቀዝን ይላሉ። የዚህ አገር የጉድጓድ ጨዋማ ውሃ በቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ኖራ ጋግሮ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሁሉንም ከሥሩ ያዝኩት። አስበየድኩ፣ አጠብኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ቴርሞስታት ገዝቶ አመጣ፣ ገጠምኩለት። ሞተሩን አስነስቼ ራዲያተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የሙቀት መርፌዋ መሐል ላይ ወጥታ ቆመች። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ደህና ሆና የወጣች መኪና ስታይ የዳንክ ያህል ይሰማሃል።

በሚቀጥለው ጉዞው መጣና «ትሞቃለች» አለኝ።

ከፈትኩት። ውሃው ጎድሏል። ካርቶን ከስሯ አንጥፌ አሳደርኳት፤ ጠዋት ካርቶኑ እንደደረቀ ነው። የፓምፑን ሥር በጣቴ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ዘይት መለኪያውን መዘዝኩ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ወተት አልመሰለም። ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ አረፋ የለም። ጭሱ ነጭ አይደለም። ምንጣፉን ገልጬ የማሞቂያውን ቧንቧ አየሁ፤ አቧራ ብቻ ነው። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ ራስ፣ ጤነኛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ጠርጥሬ በአዲስ ቀየርኩ።

በሚቀጥለውም መጣ፤ ውሃው ጎድሏል። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይደለም። ተኝቼ ያቺን መኪና ከራዲያተር እስከ ጭስ ማውጫ በሐሳቤ እፈታታለሁ። ውሃ የትም አይጠፋም፤ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ከዘይት ይቀላቀላል። ከሦስቱ በአንዱም አልሄደም። ከማዶ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ ጂን አለባት አለ። ለእሱ መልስ መስጠት ትቻለሁ።

ሁለት ነገሮች አይቼ ነበር፤ አንድ ላይ አላመጣኋቸውም እንጂ። አንደኛው፣ የጋቢናውን ወንበር ሳነሳ ከሥሩ፣ ከራዲያተሩ ክዳን ትይዩ፣ ነጭ የጨው ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ከታች አንድ ጠብታ የሌላት መኪና ወደ ላይ ረጭታለች። ሁለተኛው፣ ባንተይርጋ በሎጊያ ሐሩር እጀ ረጅም ሸሚዝ መልበስ ጀምሯል። ሸሚዙን ገልጬ ባየሁ ኖሮ ነገሩ ያኔ ያልቅ ነበር። እኔ መኪና ነው የምገልጠው።

በዚህ መሐል ለአንድ ከባድ መኪና ዕቃ ላመጣ አዋሽ ሄድኩ። ስመለስ ሆን ብዬ በእሱ መኪና ተሳፈርኩ፤ ጋቢና ገብቼ ዓይኔን መርፌዋ ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። ከአዋሽ ወጣን፣ ገዋኔን አለፍን፣ አዳይቱ ደረስን። ፀሐይዋ አስፋልቱን ታቀልጣለች፤ መርፌዋ መሐል ላይ ነች፣ ንቅንቅ አላለችም። ተሳፋሪው ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ጆሮው ላይ ስልክ ሰክቷል።

አዳይቱን ካለፍን በኋላ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ አንድ ግራር አለ። እዚያ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዳር ያዘ፣ አቆመ።

«ሞቀች» አለ፣ ወደኋላ ዞሮ።

መርፌዋን አየሁ። እሱን አየሁ። እሱ እኔን አላየኝም። ወርደን ወንበሩን አነሳው፤ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ክዳኑን ጠመዘዘው። እንፋሎቱ ፉጨቱን ለቆ ሲወጣ መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሕፃኑንም ዘንቢሉንም ይዞ ወደ ውጭ ተንጋጋ። የፈላ ውሃ ወደ ላይ ተረጭቶ ወንበሩን መታው፤ ጥቂቱም እጅጌውን አበሰበሰው። ማንም አላጉረመረመም። አንዷ እናት «ምስኪን፣ ተቃጠለ» ብላ አዘነችለት። እሱ ቢጫ ጀሪካኑን አንስቶ «እስክትበርድ» አለና ወደ ግራሩ ሄደ።

ግራሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ያዮ ይባላል፤ ያን ጊዜ ውሃ ሰጥቶ መኪናዋን እኔ ጋ ያደረሳት እሱ ነው። ብስጭቴን ዋጥ አድርጌ ተከተልኩና ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ባንተይርጋ ከጀሪካኑ የሽማግሌውን ዕቃ ሞላለት። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላምታ ጀመሩ፤ ሰላምታው ራሱ የአንድ ሻይ ጊዜ ወሰደ። አፋር ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ ዳጉ አለው፤ ያየኸውን የሰማኸውን ሳትናገር፣ ያየውን የሰማውን ሳትሰማ መለያየት ነውር ነው። ያዮ ነፋስ ያገረጣው አማርኛ አለው፤ በእሱ ይጠይቃል።

«ከየት መጣህ?»

«ከአዋሽ።»

«መንገድ ላይ ምን አየህ?»

ባንተይርጋ ተናገረ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ገዋኔ አጠገብ የተገለበጠ መኪና ማየቱን፣ ሾፌሩ በሕይወት መውጣቱን፣ ወደ ተራራው በኩል ደመና መኖሩን፣ ግመሎቹ ከወንዙ ወዲህ መሆናቸውን፣ አንዲቷ ስታነክስ እንዳየ፣ ምልክቷ ምን እንደሚመስል። እጁን እያወዛወዘ፣ ወደፊት እየተጠጋ። ያዮ አያቋርጠውም፤ ሲጨርስ ብቻ ሌላ ይጠይቃል።

«ምን ሰማህ?»

የሰማውንም ተናገረ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣

«ልጅህ፣ ሎዛ፣ ደወለች?» አለው።

«አልደወለችም።»

«አረብ አገር ነች አሁንም?»

«መሰለኝ። ስልኳ አይሠራም። እናቷ ሀብትነሽ ከሞተች ወዲህ ደስ ብሏት አልደወለችም።»

«ትደውላለች» አለ ያዮ። «ስትደውል ንገረኝ።»

ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሚስት እንደሞተችበትም። ከጎጃም በልጅነቱ መጥቶ በጥጥ እርሻ ትራክተር ሲነዳ እንደኖረ፣ እርሻው ሲዳከም ይቺን መኪና እንደያዘ፣ ወንድሙ የት እንደተቀበረ፣ ያደገበት ወንዝ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ያን ቀን ከሁለቱ ወሬ ነው የለቀምኩት። ያዮ ግን ሁሉንም ያውቃል፤ ባለፈው ከቆሙበት ይቀጥላል። ቅናት ይሁን ንዴት እኔንጃ፣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ።

ስንነሳ ጥቂት ውሃ ጨመረባት፤ ሰመራ ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ግን ንዴቱ በረታ።

«ጋሽ ባንቴ፣ ሞተሩን ልትገድለው ነው? የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፋህ ቴስታታው ይሰነጠቃል። እሱ ከሄደ መኪናዋ አበቃላት። እሷ ካበቃላት አንተስ?»

ዓይኑን ወደመጣንበት መንገድ መለሰ።

«ምን ብዬ ላቁም?» አለ። «ሽማግሌ ልጠይቅ ነው ልበላቸው? ያብዳሉ፤ በዚያ በረሃ ለምን አቆምከን ይላሉ። መኪናዋ ሞቀች ስል ግን ማንም አይናገርም። ሰው ለመኪና ይታገሣል።»

«ያዮ ምንህ ነው?»

«ጠየቀኝ» አለ። «ያን ቀን ፈልታብኝ ስቆም። ሌላው ሁሉ መኪናዋ ምን ሆነች ነው የሚለኝ። እሱ አንተ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ አለኝ። ስንት ዘመን በዚህ መንገድ ስመላለስ ምን አየህ ያለኝ የለም። ስነግረው ለካ ብዙ ነገር አይቻለሁ።»

ልቤ ራራ፤ ምላሴ ግን አልራራም። እጅጌውን ሰብስቤ አየሁት። ከአንጓው እስከ ክርኑ የተላጠና የጠቆረ፣ ቁስል በቁስል ላይ ነው። «ማልልኝ» አልኩት። «ሁለተኛ ሙቅ ክዳን እንዳትከፍት። ካልማልክ ያችን መኪና ሁለተኛ አልነካም።» እጅጌውን መልሶ አወረደ። «ሚካኤልን፣ አልከፍትም» አለ።

የባንተይርጋ መሐላ መሐላ ነው። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ውሃ አልጎደላትም። በመጣ ቁጥር እከፍታለሁ፤ ክዳኑ ድረስ ሙሉ ነው። እጁ ዳነ። እኔም ጎረቤት ላሉት ጋራዦች እያወራሁ ኮራሁ። እሱ ግን «ትሞቃለች» ማለቱም ቀረና ጭራሽ ዝም አለ። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አስፋልቱን ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን «ያዮን ታየዋለህ?» አልኩት። «በዚያ ሳልፍ ወደዚያ አላይም» አለኝ። «ሳላቆም ማየት ያሳፍራል። ነጭ ሚኒባስ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው፣ እኔ መሆኔን አያውቅም።» መኪናዋ እንደዚያ ጤነኛ ሆና አታውቅም፤ ሰውየው እንደዚያ ከስቶ አይቼው አላውቅም።

በበጋው መጨረሻ ኃይለ ልዑል የሚባል የጅቡቲ መስመር ሾፌር ጎማ ሊያስቀይር እኔ ጋ ቆመ። ወሬ ይወዳል። ጎማው እስኪወርድ ድረስ የመንገዱን ሁሉ ሲያወራ፣

«ከአዳይቱ ወዲህ አንድ ሽማግሌ አለ» አለ። «አንድ ግራር ፊት ለፊት፣ በቀትር፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ይቆማል። ውሃ ፈልጎ ነው ብዬ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ወረወርኩለት። አላነሳውም። በመልሴም ወረወርኩ፤ ያው ነው። ሌሎቹም ወርውረውለት እግሩ ሥር ተከምሯል። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ሳልፍ ጀሪካኑን አንስቶ አሳየኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሙሉ ነው። ክብደቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል።»

መፍቻዬን አስቀመጥኩ። በዚህ መንገድ ውሃ የሚለምነው ዳር የቆመው ነው፤ የሚሰጠው ባለ መኪናው ነው። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ያዮ ግን ያቺን የምትሞቅ መኪና የያዘው ወዳጁ ቀርቶበታል፤ ውሃ አጥቶ የሆነ ቦታ ቆሞ ይሆናል ብሎ፣ በዚያ ድርቅ የቤቱን ውሃ ቀድቶ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ሰዉ ደግሞ ለማኝ መስሎት ሃይላንድ ይወረውርበታል።

ባንተይርጋ በማግስቱ ሲመጣ እንደሰማሁት ነገርኩት። የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ጀሪካኑ ቢጫ ነው አለህ?»

«ቢጫ ነው አለ።»

«የኔ ነው» አለ። «የመጨረሻውን ቀን ትቼለት ነው የመጣሁት።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እንዲህ አድርጎ አይቼው አላውቅም፤ አጠገቡ ቆምኩ።

በነጋታው ወደ አዋሽ ሲመለስ አብሬው ጋቢና ተሳፈርኩ። ዕቃ አመጣለሁ አልኩ፤ የማመጣው ዕቃ አልነበረም። ከእኔ ቀጥሎ አንዲት መምህርት ተቀምጣለች። ሚሌን አለፍን። መርፌዋ መሐል ላይ ነች። ግራሩ ከሩቅ ሲታይ ባንተይርጋ መሪውን አጥብቆ ሲይዝ አየሁት፤ ምን እንደሚላቸው አላውቅም ነበር፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ዳር ያዘና አቆመ።

«ምነው፣ ሞቀች እንዴ?» አለች መምህርቷ።

«አልሞቀችም» አለ።

«ታዲያ እዚህ በረሃ ለምን አቆምከን?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ባንተይርጋ ሞተሩን አጠፋ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ላቡን በመዳፉ ጠረገ።

«እዚህ ሰው አለኝ» አለ። «ልጠይቀው ነው።»

ወዲያው ዝም አላሉም፤ ቢሉ ደስ ባለኝ። ተነጫነጩ። አንዱ ሁለተኛ በዚህ መኪና አልሳፈርም አለ። ባንተይርጋ ግን ወርዷል።

ያዮ ከአስፋልቱ ማዶ ጀሪካኑን በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። እግሩ ሥር የነበሩትን ሃይላንዶች እየረገጠ አለፋቸው። ባንተይርጋን አላቀፈውም፣ አልጠየቀውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጋቢናው በር ሄዶ ወንበሩ እንዲነሳለት ቆመ።

«አልሞቀችም፣ ያዮ» አለው ባንተይርጋ። «ዛሬ ውሃ አትፈልግም።»

ሽማግሌው መኪናዋን አየ። ከዚያ እሱን አየ።

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«አንተን ልጠይቅ።»

ባንተይርጋ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀበለው፣ ክዳኑን ፈታ፣ ወደ አፉ አነሳውና ያን ጨዋማ ውሃ በቁሙ ጠጣ። አንገቱና ደረቱ እስኪርስ ጠጣ። ሲጨርስ ሁለቱ ግራሩ ሥር ገቡ፣ ተቀመጡ። እኔ ከመኪናዋ ጋር ፀሐይ ላይ ቀረሁ። ያዮ «ከየት መጣህ?» ሲለው ሰማሁ፤ ባንተይርጋም ካልቆመበት ቀን ጀምሮ ያየውን ሁሉ ከመጀመሪያው ይነግረው ጀመር።